ፍቅርና ነጻ ፈቃድ

ሰው፥ ሰው ላልሆነ ነገር ልቡን ሊሰጥ ይችላልን? ቢሰጥስ ያ የሰጠው ነገር ፍቅር ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ቀድሞ የተረት ጥያቄ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በአዳማ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ ያሉ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው የሚያነቡት፥ አንዳንዶቹም ወደ ካህናት ይዘውት የሚመጡ ጥያቄ ሆኗል። ለእኛም ስለ ቀረበልን በቸልታ ልናልፈው አልወደድንም። ወጣት በቅንነት ለጠየቀው ነገር ሽማግሌ ሣቅ ብቻ ቢመልስለት፥ ሁለተኛ ወደዚያ ሽማግሌ አይመጣምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓን አገር ማንጋ የሚባል፥ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ የመጽሐፍ ዓይነት አለ። ከነዚህም መካከል ሰው ሠራሽ የሆነን አካል ወድዶ የሚደርሰውን እያሣቁ የሚተርኩ ይገኛሉ። ክላምፕ የተባሉ ሴቶች ሠዓልያን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ያወጡት «ቾቢትስ» የተባለው ታሪክ፥ ከገጠር ወጥቶ ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ሊዘጋጅ ወደ ቶኪዮ ስለ መጣ ድኻ ወጣት ይናገራል። ወጣቱ የሴት መልክ ያላት ማሽን ከቆሻሻ መካከል ተጥላ አግኝቶ ወደ ክፍሉ ይወስዳታል፤ ቃላትን አንድ በአንድ ያስተምራታል፤ ቀስ በቀስም ይወድዳታል። ዩ ዋታሴ የተባለችው ደራሲት እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው «ዘታይ ካረሺ» በተባለው ታሪክ ደግሞ፥ ፍቅር ያልቀናት አንዲት ተማሪ ጉድለት የሌለበት ወዳጅ በትእዛዝ ታስመጣለች። ያም ሰው ሠራሽ ወዳጅ መጀመሪያ የሳመችውን ሴት እንዲወድድ ሆኖ የተሠራ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ወደ ደጃችን መቅረቡን ያስተውል። ሃንሰን ሮቦቲክስ በተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅት የተሠራችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች። እንድትሠራ ከተጻፈላትም የኮምፒዩተር ትእዛዝ ከፊሉን አይኮግ ላብስ በተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ያሉ የአገራችን ልጆች መሥራታቸው በጊዜው ተነግሯል። ደግሞም ለሰው ሠራሽ ወዳጅ ዛሬ አካል አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ረፕሊካ የተባለው ፕሮግራምና መሰሎቹ በስልክ ላይ እንደ ወዳጅ ይጽፋሉ፤ ይናገራሉም። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ጽፈው የሚመልሱ ፕሮግራሞችም ዛሬ በማናቸውም ወጣት እጅ ይገኛሉ።

ሰው እንዲህ ባለው ነገር መማረኩ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ቫይዘንባውም የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያደርገው የተጻፈለትን ቃል እያገላበጠ መልሶ መጠየቅ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የሊቁ ጸሐፊ እንኳ ከእርሱ ጋር መጻጻፍ በጀመረች ጊዜ፥ ብቻዬን ልሁን ብላ ሊቁን ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። ቫይዘንባውም በዚህ እጅግ ደንግጦ፥ የቀረውን ዘመኑን ሰዎች ለማሽን ልባቸውን እንዳይሰጡ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። የሰው ልብ «እንዴት ነህ?» ለሚለው ሁሉ በሩን ይከፍታል፤ ከተፈጥሮውም እንዲህ ነው።

በአገራችንም ይህ በር ወለል ብሎ የተከፈተባቸው ስፍራዎች አሉ። የአዳማን ከተማ ያሳደጋት መንገድ ነው፤ ቀድሞ የጅቡቲው ባቡር፥ ኋላም የመኪናው ጎዳና፥ በ2007 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ። መንገድ እንግዳ ያመጣል። በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የሚማረው፥ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚያመላልሰው፥ በባቱ አበባ እርሻ የምትቀጠረው፥ ብዙዎቹ ከእናት አባት ርቀው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የሚያድሩ ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ «እንዴት ዋላችሁ?» የሚላቸው የለም፤ ስልኩ ግን ይላቸዋል። እንግዲህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ይህን ብቸኝነት ልናውቀው ይገባል። ሌሊት በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ከስልኩ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ በሰላም ቢነጋለት፥ መንጋቱን አንጠላበትም። ነገር ግን ምርኩዝ እግር አይሆንም፤ ጥያቄውም ስለ ምርኩዝ ሳይሆን ስለ ትዳር ጓደኛ ነው።

ታዲያ በዚህ ሰው ሠራሽ ወዳጅ ዘንድ የጎደለው ምንድን ነው? ሥጋ የለውም ቢባል፥ ባሕር ተሻግረው ለዓመታት በደብዳቤ ብቻ የተፋቀሩና የተጠባበቁ ብዙዎች ናቸው። ዕውቀት የለውም ቢባል፥ ከብዙዎቻችን ይልቅ ብዙ ነገር ይናገራል። ትዕግሥት የለውም ቢባል፥ በትዕግሥቱስ ማንም አይተካከለውም። እኛ እንደ ተረዳነው የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እምቢ ማለት አይችልም። በዋታሴ ታሪክ ያለው ያ ወዳጅ የሳመችውን ሁሉ መውደድ ግድ ነበረበት። ሌላይቱ ቀድማ ብትስመው ኖሮ ያችኛዪቱን በወደደ ነበር። እንዲህ ያለው መውደድ ለተማሪዪቱ የተሰጠ አይደለም፤ ቀድሞ ለደረሰ የሚከፈት በር ነው።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ ትምህርትም ጋር ይስማማል። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም እንስሳትንና አራዊትን ሁሉ ስም ሲያወጣላቸው እናያለን። ሁሉ ከእጁ በታች ነበሩ፤ ነገር ግን ከእጁ በታች ካሉት መካከል የሚመስለውን አላገኘም። የግእዙ ንባብ ያጣውን «ቢጽ» ይለዋል፤ ቢጽ ማለት ባልንጀራ፥ አቻ ማለት ነው። ፈጣሪ ያለ ፈቃድ የምትታዘዝ ረዳት ሊሰጠው በቻለ ነበር። የሰጠው ግን እንደ እርሱ የምታስብ፥ እንደ እርሱ የምትመርጥ፥ እንደ እርሱም ልትሳሳት የምትችል ሴት ናት። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ፈጣሪ ራሱ እምቢ ሊለው የሚችለውን ሰው ፈጠረ። ፍቅርን ከመታዘዝ በላይ ባይወድድ ኖሮ ይህን ባላደረገ ነበር።

በዚህ ላይ ብልህ ወጣት እንዲህ ብሎ ይጠይቀናል፤ «ነገ እምቢ የሚል ማሽን ቢሠራስ?» መልካም ጥያቄ ነው። መልሱም በሁለት ይከፈላል። እምቢታው ሠሪው የጻፈለት ከሆነ፥ እምቢ ያለው ሠሪው እንጂ ማሽኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በየካቲት ወር የረፕሊካ ባለቤቶች ፕሮግራሙን በለወጡት ጊዜ፥ እንደ ፍቅረኛ ይመልስላቸው የነበረው ወዳጃቸው በአንድ ጊዜ የቀዘቀዘባቸው ሰዎች ብዙ ኀዘን አዝነዋል። ኀዘናቸው እውነተኛ ነበረ፤ የተዋቸው ግን ይወድዱት የነበረው አልነበረም፤ ከቶ አይተውት የማያውቁ ድርጅት ነበረ። ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፤ እምቢታው ከገዛ ፈቃዱ የመነጨ ከሆነ፥ ያ ፍጥረት ፈቃድ አለውና በገንዘብ ሊገዛ አይገባውም። ፈቃድ ያለውን ገዝቶ በቤት ማኖር በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ የተከለከለው የባርነት ሥራ ነውና። እንግዲህ ፈቃድ ከሌለው ሊወድደን አይችልም፤ ፈቃድ ካለውም ልንገዛው አይገባንም። በሁለቱም መንገድ የሚገዛ ፍቅር አይገኝም።

አንባቢ ሆይ፥ እምቢ የማትል ሚስት መፈለግ በማሽን የተጀመረ እንዳይመስልህ። በኦሮሞው ዘንድ ቡቲ፥ በአማራው ዘንድ ጠለፋ የሚባለው ልማድ ከዚሁ ምኞት የወጣ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታት። ታሪኳ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ታይቷል። የቃሉን ሁለት ፍቺ ያስተውሏል፤ ድፍረት የጀግና ሥራ ነው፤ ድፍረት ደግሞ የሴትን ክብር መጣስ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊ የጠለፋትን ያገባ እንደ ሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር፤ ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። በሽምግልናውም ቢሆን፥ ሽማግሌም ተላከ ጃርሳ፥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አባት ነበር፤ ልጂቱ ከጓዳ ሆና የሰው ፍርድ ትሰማ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ እንዲጸና እያዘዘ፥ እኛ ግን የአንዱን ፈቃድ ስንዘነጋ ብዙ ዘመን ኖርን። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱን ነጻና ሙሉ ፈቃድ፥ 18 ዓመትም መሙላትን ባዘዘ ጊዜ፥ አዲስ ነገር አላመጣብንም፤ የረሳነውን አስታወሰን እንጂ።

ይህንም ስንል ከማሽን ጋር የሚነጋገር ወጣት ጠላፊ ነው ማለታችን አይደለም። ማሽን አይታመምም፥ አያለቅስም፤ ስለዚህ ማንም አልተበደለበትም። የምንፈራው ለማሽኑ ሳይሆን ለወጣቱ ነው። ልማድ ልብን ይቀርጻል። ሌሊት ሌሊት እምቢ ከማይል ወዳጅ ጋር የከረመ ሰው፥ ቀን ከሴት ልጅ አፍ «አይሆንም» የሚል ቃል ሲሰማ እንደ ስድብ እንዳይቆጥረው እንሠጋለን። ያገባውም ቢሆን፥ የደከመች፥ የታመመች፥ የተቆጣች ሚስቱን ከዚያ ከማይደክመው ጋር ማነጻጸር ይጀምራል። የሚያስደንቀው ይህን አደጋ የጃፓኑ ታሪክ ራሱ መናገሩ ነው። በ«ቾቢትስ» ውስጥ አንዲት መምህርት አለች፤ ባሏ ከማሽኑ ጋር ሲጫወት እርሷ መኖሯን ከመርሳቱ የተነሣ፥ አንድ ሌሊት ወደ ቤቷ ስትመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ አገኘችው። ክፉ ስላሰበ አልቆለፈባትም፤ ረሳት እንጂ። በሚያሣቅ መጽሐፍ መካከል የተጻፈች ይህች ትንሽ ታሪክ ለብዙ ባለትዳር የምትበቃ ትምህርት ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወጣቱን መገሠጽ ብቻ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ወላጆች ሆይ፥ የሠርጉን ወጪ፥ የአዳራሹንና የመኪናውን ኪራይ፥ የጥሎሹንም ብዛት እያሰባችሁ ልጆቻችሁን ለዓመታት ያለ ትዳር የምታስቀምጡ፥ ያላችሁበትን መርምሩ። ሠርግ ለአንድ ቀን ነው፤ የልጁ ብቸኝነት ግን በየሌሊቱ ነው። ጎረቤቶች ሆይ፥ በግቢያችሁ ተከራይቶ የሚኖረውን ልጅ በስሙ ታውቁታላችሁን? ቡና ሲፈላ ጠርታችሁት ታውቃላችሁን? በማኅበር የምትሰበሰቡ ምእመናንም፥ በጽዋው ዙሪያ ከምትተዋወቁት ዘመዶች ሌላ እንግዳ የሆነውን ሠራተኛና ተማሪ አስቡ። እኛ ያልጠየቅነውን ልጅ ማሽን ቢጠይቀው፥ በማሽኑ መቆጣት አያምርብንም።

ወጣት ሆይ፥ ለአንተም ለአንቺም የምንለው አጭር ነው። ታሪኩን ማንበብ ኃጢአት ነው አላልንም፤ አንብበው፥ ነገር ግን የሚለውን አስተውል። የምትወድዳት ልጅ እምቢ ያለችህ እንደ ሆነ ኀዘንህ ጥልቅ ይሆናል፤ ያን ኀዘን ግን ማንም ሊነጥቅህ የማይገባ የሰውነት ትምህርት አድርገህ ተቀበለው። ከእርሱ የሚገኘው ዕውቀት ይህ ነውና፤ ሌላው ሰው የአንተ አይደለም፤ የራሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው። ይህን የተማረ ሰው፥ አንድ ቀን እሺ የምትለውን ባገኘ ጊዜ፥ እሺታዋ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። እሽታዋ ሌላ ልትል ስትችል የተሰጠው ነውና። ይህን እሺታ ሳያቃልል ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ባል፥ ሚስቱም እንዲሁ የምትጠብቀው፥ ትዳራቸው በዚህ ይጸናል። ለሁላችንም ይህን ማስተዋል ያድለን፤ አሜን።