ስኮርታ

ሾፌሮቻችን ትርፍ ጎማን «ስኮርታ» ይሉታል፤ ከጣልያን የቀረ ቃል ነው። የመጽሐፉ አማርኛ ደግሞ «መጠባበቂያ» ይላል። በ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በኮንትራት የወሰደኝ ባጃጅ ግን ስኮርታው ጎማ ብቻ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ሥር በጎማ ገመድ የታሰረ ሁለተኛ ባትሪ ነበረው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት ልጁን።

«የክፉ ቀን ነው ጋሼ።»

የ66ንና የ77ን ረሃብ ባሳለፈ አገር «ክፉ ቀን» እንደዋዛ የሚነገር ቃል አይደለም። የልጁ ክፉ ቀን ግን ቅርብ ነበር። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ጨለማውም ከዓመት በላይ ቆየ። ባጃጁ ነዳጅ አጥቶ ሲቆም ባትሪውን ፈትቶ ቤት አስገባው፤ ከአንዲት ትንሽ ሶላር ጋር አያይዞ ለእናቱ አንድ አምፖል አበራበት። ሥራ ሲጀመር ባትሪው ወደ ባጃጁ መመለስ ነበረበት። እናቱን መልሶ ጨለማ ውስጥ መተው ከበደው፤ ሁለተኛውን ያን ጊዜ ገዛ።

«ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ አገናኝተህ አትተዋቸውም?» ስለው ሳቀብኝ። አሮጌና አዲስ ባትሪ በቀጥታ ከተያያዙ ደካማው ብርቱውን እየጠባ ሁለቱም ይሞታሉ፤ መሐላቸው የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ሳይነካ የተቀመጠም አይተርፍም፤ ኃይሉ በራሱ ጊዜ ያልቃል፣ ውስጡ ያለው እርሳስም ነጭ ነገር ይለብሳል። ስለዚህ በየሳምንቱ እያቀያየረ ያሠራቸዋል። (የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ምሳሌ ለማድረግ እጄን ይበላኛል። ተውኩት።)

ገነተ ማርያምን አየሁ። በይኩኖ አምላክ ዘመን እንደተሠራች የሚነገርላት፣ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ያ ጠራቢ እጁ ቢስት የሚተካው ሌላ ዓምድ አልነበረውም። እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው እንጃ።

ስንመለስ፣ ሊመሽ ሲል፣ አንድ ባጃጅ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘን። ወደ ገጠር የሚሄድ ነው። ቻርጅ ማድረጉን አቁሞ ባትሪው ሞቷል፤ አስነስቶ መልቀቅ ብቻ አይበቃውም፣ መብራቱን ይዞ የሚሄድ ባትሪ ይፈልጋል። ውስጡ ልጅ ያዘለች ሴት ተቀምጣለች። የኔው ልጅ ወርዶ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

«ታውቀዋለህ?»

«መልኩን።»

«እኛስ?» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

«እኛማ አንዱ እየሠራልን ነው» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

እኔ ለሁሉም ነገር ስኮርታ ያለኝ ሰው ነኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት መነጽር፣ የሁለት ሳምንት ትርፍ የደም ግፊት ክኒን ነበረ። ይህን አስተዋይነት እለው ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልካድኩም። ሌሊቱን ለራሴ ስከራከር ያደርኩት በዘር እህል ነው። ገበሬ ልጆቹ እየራባቸው እንኳ ዘሩን አይነካም፤ ንፉግ የሚለው ግን የለም። መጠባበቂያ ሁሉ ዛሬ ለተቸገረ ይሰጥ ከተባለ የከርሞው ልጅ ምን ይበላል?

ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ግን አላስተኛኝም። ዘር የሚዘራበት ወር አለው። የኔ ክፉ ቀን ወር የለው፣ መልክ የለው፤ ምናልባትም አይመጣ። የሴትዮዋ ክፉ ቀን ግን መጥቶ ከነልጇ ፊቴ ተቀምጧል። ደግሞ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ቋንቋ ራሱ ከዳኝ፤ «መጠባበቅ» እኮ አንዱ ሌላውን መጠበቅም ነው። እኔ ግን ቃሉን ለአንድ ሰው ሻንጣ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ማለት የሚቀለኝ ግን በሰላም ስለገባሁ ነው። የኛም ባትሪ በዚያ ጨለማ ቢሞትብን ኖሮ ልጁን ደግ እለው ነበር ወይስ ቂል?

ባትሪው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ልጁ ሆቴሌ ድረስ መጥቶ ከወንበሩ ሥር መታሰሩን ካሳየኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከኔ የበለጠ ሲጨነቁ ሰነበቱ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ በየጠዋቱ ስጠይቀው ነበር። ስለሴትዮዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።