የጴጥሮስ አማትና እኔ

ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ቤቴ ከሰው አልተለየም ነበር። የሚገባው ሁሉ ገና ከደጃፉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ!» ይላል፤ እኔም ከትራሴ ቀና ለማለት እየሞከርኩ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አጥሚቱ በፔርሙስ፣ ሾርባው በሳህን፣ ብርቱካኑ በፌስታል ይመጣል። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነና ቆመ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። እግዚአብሔር ከማራት ሴት ዘንድ ከዚህ በላይ ምን ይሠራል?

ነገሩ የጀመረኝ ከኩላሊት ጠጠር ነው። ጠጠሩ የሽንቱን መውረጃ ዘጋው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገባ፤ ሐኪሞቹ «ሴፕሲስ» አሉት። የሚገድለው ጀርሙ ብቻ አይደለም። ሰውነት ጀርሙን ልምታ ብሎ ሲነሣ መጠኑን ይስትና የገዛ አካላቱን ይመታል፤ አይጥ አባርራለሁ ብሎ ጎጆውን እንደሚያቃጥል ሰው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል 16 ቀን ተኛሁ፤ 9ኙን በመተንፈሻ ማሽን።

ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ «ምን አየሽ?» ብሎ ነው። ብርሃን፣ መልአክ ወይም የሞተችውን እናቴን የሚጠብቁ ይመስለኛል። ያየሁትን ብነግራቸው ያዝናሉ። የጆንያ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። ነርሶቹ ሊሸጡኝ ይመዝኑኛል፤ አፌን በወስፌና በሲባጎ ሰፍተውታል። እንዲህ ያለው ቅዠት በማሽን ላይ ለተኛ በሽተኛ የተለመደ መሆኑን፣ የተሰፋው አፌም ጉሮሮዬ ውስጥ የነበረው ቱቦ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ለወራት ግን ጆንያ ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ታላቅ እህቴ «ይሄስ ሌላ ነገር ነው» ብላ ጸበል አመጣችልኝ። ጠጣሁ። እንቅልፍ ሰጥቶኛል፤ ጆንያውን ግን አልወሰደልኝም።

እግሬ የእኔ አልሆን አለ፤ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው። በሦስተኛው ወር ጸጉሬ በእፍኝ በእፍኝ ወለቀ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ለ14 ዓመት የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ፤ የከፈለው፣ ውዝፍ ያለበት፣ የተቀጣው ሁሉ በእኔ እጅ ይጻፋል። መዝገቡን አውጥቼ የአንዱን ወር ሦስት ጊዜ ደመርኩ፤ ሦስት መልስ መጣ። ሃያ ዓመት አብራኝ ቡና የጠጣች ጎረቤቴን ስሟን አጣሁትና «አንቺ፣ አንቺ» እያልኩ አመሸሁ።

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስም አለው» አለችኝ። ከጽኑ ሕክምና በኋላ የሚከተለውን የጡንቻ መዛል፣ የማሰብና የማስታወስ ችግር፣ ጭንቀቱንም ጭምር ሐኪሞች «ፖስት ኢንቴንሲቭ ኬር ሲንድረም» ይሉታል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በወጡ በዓመቱ ከተፈተኑት ሩቡ ያህል ያመጡት ውጤት ቀላል አልዛይመር ያለበት ሰው ከሚያመጣው ጋር የሚቀራረብ ነበር። እኔም የእድር ጸሐፊ ነኝና መቀነሱን ራሴ ሠራሁት። በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ሴፕሲስ 48.9 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰው እንደያዘ፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም በሞት እንዳለቀ ይገመታል። ቀሪ 37.9 ሚሊዮን። ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። «ተረፉ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ቃሉ ራሱ ያስቸግረኛል። ትርፍ በመዝገቤ ላይ ደስ ይላል፤ መሶብ ላይ ሲሆን ግን ትራፊ ነው። እኔ የትኛዋ ነኝ? «ማረሽ» የሚለውም እንዲሁ፤ ምሕረት የሚደረገው ለጥፋተኛ ነው። ጥፋቴ ምን ነበር፣ ውሃ አለመጠጣቴ? «ዳንሽ» ሲሉኝ ደግሞ አማርኛችን የሥጋንም የነፍስንም መዳን በአንድ ቃል ይጠራልና «ገና አልዳንኩም» ማለት ክህደት መሰለኝ። ስለዚህ እግሬ ሲከዳኝ «ተመስገን»፣ ስም ሲጠፋኝ «ተመስገን»። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ሁሉ ተመስገን ለእንግዶቹ እንጂ ለእግዚአብሔር አልነበረም።

ንባብም ሸሽቶኝ ነበር። የማርቆስ ወንጌልን ያነሣሁት በሌላ ምክንያት ሳይሆን ከአራቱ አጭሩ ስለሆነ ነው፤ 16 ምዕራፍ። ጥቂት አነባለሁ፤ በማግስቱ እረሳዋለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ። በዚህ የተነሣ ምዕራፍ አንድን አንዳንድ ዲያቆን የሚያውቀውን ያህል አውቀዋለሁ። እዚያ ደግሞ የጴጥሮስ አማት አለች። በንዳድ ተይዛ ተኝታለች፤ ጌታ እጇን ይዞ ያስነሣታል፤ ንዳዱ ወዲያው ይለቃታል፤ እሷም ተነሥታ ታስተናግዳቸዋለች። ይቅር ይበለኝና ይህችን ሴት ጠላኋት። ከሆስፒታል በወጣሁ በወሩ ልጄ «እማዬ፣ ምሳ ምን አለ?» ሲለኝ ፊቴ ድቅን ያለችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ የሚለካኝ በእሷ ነበር።

በወንጌሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ የተፈወሱ ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ወራት ፈጀብኝ። ምዕራፍ አምስት ላይ የኢያኢሮስ ልጅ ከሞት ተነሥታ ስትሄድ፣ አብረውት የነበሩት ሁሉ በመገረም ደርቀው ሳሉ፣ ጌታ የምትበላው ስጧት ብሎ አዘዘ። ከተአምሩ ይልቅ እኔን የሚያስለቅሰኝ ይህ ትእዛዝ ነው። ከሞት የተመለሰ ሰው እንደሚርበው ያሰበላት እሱ ብቻ ነበር።

ምዕራፍ ስምንት ላይ የቤተ ሳይዳው ዕውር አለ። ጌታ እጁን ጭኖበት ምን እንደሚያይ ጠየቀው። ሰውየው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ እንደሚያይ ተናገረ። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ተቀመጥኩ። ለፈዋሹ፣ ያውም ፊት ለፊት፣ ፈውሱ ግማሽ እንደሆነ ነገረው! እኔ ብሆን ይሉኝታ ይዞኝ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብዬ ዛፎቼን ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሱ ግን ያየውን ተናገረ፤ ጌታም አልተቆጣም፤ እጁን ዳግመኛ ጫነበት። አንድ ጊዜ ለምን አልበቃም የሚለውን መምህራን ይመልሱት። ሁለተኛው የመጣው ሰውየው እውነቱን ከተናገረ በኋላ መሆኑ ለእኔ ይበቃኛል።

የመጀመሪያውን እውነት የተናገርኩት ለንስሐ አባቴ ነው። ማሽን ላይ ሳለሁ እህቴ በስሜ ተስላልኝ ኖሯል፤ ከዳንኩ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በእግሬ ወጥቼ ልሳለም። ዳገቱን የወጣ ያውቀዋል። መስከረም ሲቃረብ «አባቴ፣ ስእለቱን አላወቅሁም፣ እግሬም አልጠናም፤ ዕዳ አለብኝ?» አልኳቸው።

«የተሳለችው ማን ናት?»

«እህቴ።»

«የእሷስ እግር ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ እሷ ትውጣ፤ አንቺ ሻማውን ግዢ።»

እህቴ ወጣች። ጉልበቷን እስከ ኅዳር አመማት፤ አጥሚት ይዤላት የሄድኩት በዚያን ጊዜ እኔ ነኝ።

እድራችን ለሞት ሁሉ ነገር አለው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ። ሞቼ ቢሆን ማን እንደሚያድር፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ በደንቡ ተጽፏል፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ለተረፈ ግን አንድ መስመር የለም። ባለፈው ወር ረቂቅ አቀረብኩ፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣች አባል በወጣች ሰሞን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛውና በስድስተኛውም ወር ትጠየቅ፤ ጠያቂዎቹ የሚበላ ይያዙ፤ «ዳንሽ ወይ?» ሳይሆን «ምን ይታይሻል?» ብለው ይጠይቋት። አንዷ «የዳነ ሰው ምን ይጠየቃል?» አለች። ክርክሩ ረዘመ፤ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል፤ «ምን ይታይሻል» የሚለው ግን ለደንብ አይሆንም ተብሎ ተሰርዟል።