የመያዣው ውበትና የሠሪው ክብር

ምግብን ወይም ስጦታን ለመያዝ የሚሠራ ዕቃ ውብ መሆን ያስፈልገዋልን? በውስጡ ያለው ከወጣ በኋላ ገሸሽ ለሚደረግ ነገር ይህን ያህል መድከም ከንቱ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ሆኖም ጥያቄው ለሰው፣ ለሥራና ለምድር ያለንን አክብሮት ስለሚነካ በጥሞና ልናስብበት ይገባል።

ከአገራችን መያዣዎች አንዱ የሆነውን አገልግልን እንመልከት። በሣር ተሰፍቶ ውጪው በቆዳ ይለበጣል፤ ክዳን ይገጠምለታል፤ በጠፍር ይታሰራል። ስፌቱ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ቆዳው ከአቧራና ከእርጥበት ይከላከላል። በዚህ ዕቃ ጌጥና ጥቅም አልተለያዩም። በኮባ ቅጠል የሚጋገር ድፎ ዳቦም እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ ሊጡን ከማረር ይጠብቀዋል፣ መዓዛውን ያካፍለዋል፣ ተግባሩን ሲፈጽምም ወደ አፈር ይመለሳል።

በጣና ገዳማት ደግሞ የብራና መጽሐፍ የሚያርፍበት የቆዳ መያዣ አለ፤ ስሙም ማኅደር ይባላል፤ በግዕዝ ማደሪያ ማለት ነው። እንግዲህ በአባቶች አስተሳሰብ መያዣ ለያዘው ነገር ቤቱ ነው፤ ቤትም ለእንግዳው ክብር የሚገባ ሆኖ ይሠራል።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን ገጠር አምስት እንቁላል በሩዝ ገለባ ተጠቅልሎና ታስሮ ይቀርብ ነበር። ሂዴዩኪ ኦካ የተባለ ጃፓናዊ የንድፍ ባለሙያ እንዲህ ያሉትን የገለባ፣ የቀርከሃና የቅጠል መጠቅለያዎች ሰብስቦ በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በታተመ መጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀ፤ የመጽሐፉም ርእስ የተወሰደው ከእነዚያ አምስት እንቁላሎች ነው።

ነገር ግን የሚያምር ሽፋን ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ከይዘቱ ይልቅ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ገዢውን ያታልላል፤ በኖራ የተለሰነውን መቃብር ያስታውሰናል። ለአንድ ሰዓት አገልግሎ ለብዙ ዘመን ምድርን የሚያስጨንቅ መያዣም ሌላ በደል አለበት። በባሕር ዳር፣ በፔዳ ሰፈርም ሆነ በሐይቁ ዳር፣ በነፋስ የተወሰደ ፌስታል በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ክልከላውን አስፍቶታል።

ይህን ስንል ያለፈው ሁሉ ይመለስ ማለታችን አይደለም። ፕላስቲኩ ጀሪካን ከሸክላው እንስራ ስለሚቀል የብዙ እናቶችን ጀርባ አሳርፏል። ለተማሪ ልጇ ስንቅ በፌስታል የምትቋጥር ድኻ እናትም ፍቅሯ አልጎደለም። ተጠያቂው አማራጭ እያለው የሚጥል ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ስለ ሠሪው የሚነሣው ነው። አገልግሉን እያመሰገንን ቆዳውን ያለፋውን «ፋቂ» እያልን ሰድበናል፤ በእንስራው እየቀዳን ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ሸሽተናል። በጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚያስሩትና ቅርጫት የሚሠሩት ወይጦዎች፣ የእጃቸው ሥራ እየተፈለገ እነርሱ ግን ከጎረቤት ማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ከአዋጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ዕቃውን ወድደን እጁን ከናቅን ስለ ውበት የምንናገረው ሁሉ ባዶ ቃል ነው፤ የዕቃው ውበት የዚያ ሰው ትዕግሥትና ጥበብ ነውና።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩ አንድ አገልግል ወይም ቅርጫት ይዘው ቢገቡ መልካም ነው። ሣሩ ከየት እንደ ታጨደ፣ ቆዳውን ማን እንዳለፋው፣ ሥራው ስንት ቀን እንደ ወሰደ ልጆቹ ይጠይቁ። እኛም ምእመናን ወደ ገበያ ስንወርድ የብዙ ቀን ድካምን በጥቂት ብር ለመውሰድ አንከራከር። በሠርግና በማኅበር አገልግሉን ስናቀርብም የሠሩትን ሰዎች ወደ ማዕዱ እንጥራ፤ ከእነርሱም ጋር አብረን እንቍረስ።