ለዘብተኛው ዕጩና የዓላማው ሰው

በሕዝብ ድምፅ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ሁለት መንገዶች ከፊቱ ይቀርቡለታል። አንደኛው ያመነበትን ሁሉ ሳይቀንስና ሳይሸፍን ተናግሮ የሕዝብን ፍርድ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ብዙዎችን የሚያስከፋውን ትቶ ብዙዎችን በሚያስማማው ላይ መቆም ነው። ከሁለቱ የትኛው ለድል ይበቃል የሚለው የፖለቲካ ሊቃውንት ጥያቄ ቢመስልም፣ ከበስተኋላው የሕሊና ጥያቄ አለ፤ ለማሸነፍ ሲባል ቃልን ማለዘብ ጥበብ የሚሆነው እስከ የት ድረስ ነው? ከየት ጀምሮስ ክህደት ይሆናል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ መራጮች ከግራ እስከ ቀኝ በአንድ መስመር ተደርድረው ቢታሰቡ፣ ከሁለት ተወዳዳሪዎች የሚያሸንፈው በመካከል ለቆመው መራጭ የቀረበው መሆኑን አስረድቷል። ታሪክም ብዙ ጊዜ ይመሰክርለታል። በ1964 ከቀኝ ወገን ባሪ ጎልድዎተር ከ50ው የአሜሪካ ግዛቶች 6ቱን ብቻ፣ በ1972 ከግራ ወገን ጆርጅ ማክገቨርን አንዲት ግዛትና ዋና ከተማይቱን ብቻ አገኙ። አንድሩ ሆል የተባለ ተመራማሪም በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ጽንፈኛው ዕጩ በፓርቲው ውስጥ ለዘብተኛውን ለጥቂት ሲያሸንፍ፣ ፓርቲው በዋናው ምርጫ በአማካይ ከ9 እስከ 13 የመቶኛ ነጥብ እንደሚያጣ አሳይቷል። ሆኖም በ1964 ለጎልድዎተር የተከራከረው ሮናልድ ሬገን በ1980 44 ግዛቶችን አሸንፏል። የጊዜው ችግር ቢረዳውም፣ መካከል የሚባለው ስፍራ ራሱ እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድነት ይዞ የሚገኘው ግን የ1860 የአሜሪካ ምርጫ ነው። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በባርነት ቀንበር ሥር ነበሩ። የሪፐብሊካን ፓርቲ ልዑካን በግንቦት ወር በቺካጎ ሲሰበሰቡ፣ ዕጩ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው የኒው ዮርኩ ዊልያም ሱዋርድ ነበር። ይህ ሰው ከሕገ መንግሥት በላይ የሆነ ሕግ አለ ብሎ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የተናገረ፣ በባርነትና በነጻነት መካከል ያለው ግጭት የማይቀር መሆኑን በአደባባይ የመሰከረ ነው። ለእኛ ለካቶሊካውያን ደግሞ ሌላ የሚታወስበት ነገር አለው፤ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሳለ፣ የስደተኞች ልጆች በቋንቋቸውና በእምነታቸው መምህራን ሥር እንዲማሩ የመንግሥት ገንዘብ እንዲመደብ ጠይቋል። ስደተኛንና ካቶሊክን የሚጠሉ ወገኖች ይህን ለሃያ ዓመታት ያህል አልረሱለትም።

በመጀመሪያው ድምፅ ሱዋርድ 173 ተኩል፣ አብርሃም ሊንከን 102 አገኙ። በሦስተኛው ግን ድሉ የሊንከን ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ፓርቲው በ1856 ፔንሲልቬንያን፣ ኢንዲያናንና ኢሊኖይን አጥቶ ስለ ነበር፣ በእነዚያ ግዛቶች የማያስፈራ ሰው ፈለገ። ስሌቱም ሠመረ፤ ሊንከን ሦስቱንም አሸነፈ። የሕዝቡ ድምፅ 40 ከመቶ እንኳ አልሞላለትም፤ ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ቢያስተባብሩም እንኳ፣ በአብዛኞቹ ባሸነፈባቸው ግዛቶች ከግማሽ በላይ ስለ ነበረው ፕሬዚዳንትነቱን ባላጣም ነበር።

እንግዲህ ለዘብተኛው አሸነፈ እንበልን? እንዲህ እንዳንል ጆን ቤል ያግደናል። የቴነሲው ቤል የሁሉ መካከል ሆኖ ለመታየት የወደደ ዕጩ ነበር፤ የፓርቲው መግለጫ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሀገር አንድነትና ስለ ሕግ መከበር ሲናገር፣ ስለ ባርነት ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ሦስት ግዛቶችን ብቻ አገኘ። ስቲቨን ዳግላስም የየአካባቢው ሰፋሪ ስለ ባርነት በድምፁ ይወስን፣ እኔ ግድ የለኝም ይል ነበር፤ በሕዝብ ድምፅ ሁለተኛ ቢወጣም፣ ሙሉ በሙሉ ያሸነፈው ሚዙሪን ብቻ ነው።

የሊንከን ልዝብነት ከእነዚህ የተለየ ነበር። ባርነት ባለበት ግዛት አልነካውም፣ ወደ አዲስ ምድር ግን አይስፋፋም አለ፤ ክፉ መሆኑን ግን አልሸሸገም። አሪስቶትል ምግባር በመብዛትና በማነስ መካከል ይገኛል ብሎ ካስተማረ በኋላ፣ ስርቆትና ነፍስ ግድያ ግን መካከል የላቸውም ብሏል፤ በልክ የሚሰረቅ ስርቆት የለምና። በመንገዱና በጊዜው መለዘብ ይቻላል፤ ክፉውን ክፉ ከማለት መለዘብ ግን ሌላ ነገር ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ከሥራቸው ያውቁታል፤ ለሕፃን በአቅሙ ልክ ማስተማርና ለሕፃን ሐሰት ማስተማር አንድ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ሊንከንን ያለ ነቀፋ ማለፍ ለእውነት አይበጅም። በ1858 በኢሊኖይ ሲከራከር፣ ጥቁሮችና ነጮች በፖለቲካና በማኅበራዊ ኑሮ እኩል እንዲሆኑ አልሻም ብሎ ተናግሯል። በመጋቢት 1861 ሥልጣን በያዘበት ቀን፣ ባርነት ባለባቸው ግዛቶች ለዘለዓለም እንዳይነካ በሕገ መንግሥት ቢጻፍ እንደማይቃወም ገልጿል። ለዚህ ልዝብነት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነበር? መራጩ አይደለም። እዚህ ላይ ነው የዳውንስ መስመር ጉድለቱ የሚታየው፤ በመስመሩ ላይ የሚሰለፈው ድምፅ ያለው ብቻ ነው። አራቱ ሚሊዮን ሰዎች በመስመሩ ላይ ቢቆሙ ኖሮ፣ መካከሉ በሌላ ስፍራ በተገኘ ነበር። ስለዚህ ዕጩው መካከለኛ ነው ሲባል ስንሰማ፣ በእነማን መካከል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ያልተወለደው፣ ስደተኛው፣ እስረኛው፣ ከመዝገብ ውጭ የቀረው ሁሉ በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም።

ከምርጫው በኋላ የሆነው ደግሞ ያስደንቃል። ደቡብ ካሮላይና በታኅሣሥ 1860 ስትገነጠልና ሌሎቹም ሲከተሏት፣ በዋሺንግተን ስምምነት ፍለጋ የደከመው፣ ብዙ ለመልቀቅም የተዘጋጀው ያ አስፈሪ የተባለው ሱዋርድ ነበር። ለወዳጆቹ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ባርነትን ወደ አዲስ ምድር በማስፋፋት ነገር አንዲት ስንዝር እንኳ እንዳትለቁ ብሎ ያስጠነቀቀው፣ ለለዘብተኛነቱ የተመረጠው ሊንከን ነው።