ማን ሰማኝ፣ ማንን ሰማሁ

ነቀምቴ ውስጥ ወደ አንዱ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ጎራ ብላችሁ ኢርፎን ብትጠይቁ ሻጩ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። ኦርጅናል ነው፤ ቤዙ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ኦርጅናል ያልሆነ ኢርፎን የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሳጥኑ ላይ ያለው ታዋቂ ስም አንድ ፊደል ቢጎድለውም ኦርጅናል ነው። ገዢው ምን ያድርግ? ጆሮው ላይ ሰክቶ አንድ ዘፈን ይሰማል፣ ቤዙ ከመታለት ይከፍላል፣ ይሄዳል።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ለትምህርት ቪዲዮም ለማታ ዘፈንም የሚሆን ጥሩ ሄድፎን የትኛው እንደሆነ የጠየቀው እኔን ነው። ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ የፍሪጅም ሐኪም ስለሆነ፣ ይኼ ከሚጠየቀው ሁሉ ቀላሉ ነበር።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ከገዛህ መጀመሪያ ጎማውን ተመልከት አልኩት። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽም ትልቅም ጎማ ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው ግን ተገጥሞ በመጣው ይኖራል። ጎማው የጆሮህን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋው ቤዙ ያመልጣል፣ ዕቃውም ያለ ጥፋቱ «ቤዝ የለውም» ተብሎ ይሰደባል። ከዚያ ድምፃዊውን ስማ። ቤዙ የዘፋኙን ድምፅና ክራሩን የሚሸፍን ከሆነ ሻጩ የሚያሞግስልህ ነገር የዕቃው ጉድለት ነው። ባለ ገመድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሰኪያው አጠገብ ነውና ገመዱ ተነቅሎ የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል። ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚደክም አውቀህ ግዛ።

ይኼን ሁሉ ስናወራ አክስቴ ቡና እያፈላች ትሰማ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ይኼ ልጅ ያንን ነገር ጆሮው ላይ ከሰካ ወዲህ በጎረቤት ደጃፍ ሲያልፍ ሰላም አይልም። ትልልቅ ሰዎች እየጠሩት ዝም ብሎ ያልፋል። ‹ምን አድርገነው ነው?› ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ጥሩውን ስትመርጡ ሰው የሚያሰማውን ምረጡ።»

«እማ፣ አልሰማኋቸውም እኮ!»

«እኔም የምለው እሱን ነው!»

ለጊዜው ሳቅን። የአክስቴ ነገር ግን ከጎማውና ከገመዱ በላይ ሆኖብኝ ቆየ። ወለጋ ውስጥ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። «አካም ቡልታን?» ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ቤቱ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ መልሱም «ነጋ» እያለ ይመላለሳል፣ ሰላም ማለት ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው መረጃ ፈልጎ አይደለም። አለህልኝ ወይ፣ አለሁልህ ነው ነገሩ። ያንን ጥሪ አለመስማት ጥፋት ይሆናል? ሰው ጆሮውን ለጎረቤቱ ክፍት የማድረግ ግዴታ አለበት?

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ፈንክሽን ሁለት ሥራ ሲሠራ ካየን እጃችንን ይበላናል፤ ለሁለት እንከፍለዋለን። ሄድፎን ሁለት ሥራ ይሠራል። እኔ የምሰማውን ሌላው እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ሌላው የሚለውንም እኔ እንዳልሰማ ያደርጋል። በአንድ ሳጥን ስለሚሸጡ አንድ ይመስሉናል እንጂ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው መብት ነው፣ ሁለተኛው ግን ዕዳ ያለበት ነው።

የመጀመሪያውን ለማየት ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በአውቶቡስ መሄድ ይበቃል። መንገዱ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አምቦን፣ ጌዶን፣ ባኮን አልፎ ነው የሚገባው። በመንገዱ ሁሉ የሚሰማውን የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፤ ከረዳቱ ጋር የተጣላ ቀን ብቻ ዝምታ ታገኛላችሁ። እኛ አገር ደግሞ ዘፈን ዝም ብሎ ዘፈን አይደለም። ከስልካችሁ የሚወጣው የአማርኛ ዘፈን ይሁን የአፋን ኦሮሞ፣ የኦርቶዶክስ መዝሙር ይሁን የመካነ ኢየሱስ፣ ወይስ መንዙማ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ስማችሁን ሳይጠይቅ መዝገቡን ሞልቶ ይጨርሳል። በደህና ጊዜ ይኼ ጨዋታ ነው። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየችውን ያየ ሰው ግን ሁልጊዜ ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል።

እኔ ያደግኩት ሁለቱም ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ነው። ጠዋት በአንዱ፣ ማታ በሌላው ዘፈን እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ፕሌይሊስት ላይ ተከታትለው ይመጣሉ። ይኼን ለማንም የማስረዳት ግዴታ ያለብኝ አይመስለኝም። ሰባት መቶ ብር ይሁን ሰባት ሺህ፣ ሄድፎን የሚሰጠኝ ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ የምወደው ነገር መታወቂያ ሳይሆንብኝ እንድወደው ይፈቅድልኛል። ስለዚህ ድምፅ ወደ ውጭ የማያፈስ ሄድፎን ስትመርጡ የቅንጦት ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ዋጋ ግን አለው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የእሱን ቋንቋ ዘፈን እንደምወድ አያውቅም። እሱም ጆሮው ላይ የሰካው የእኔን ሊሆን ይችላል። እስከ ነቀምቴ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን፣ አንዱ ለሌላው የሚያስደስተውን ነገር ይዘን፣ እንደ ባዕድ እንወርዳለን። መጋረጃው ከክፉ ዓይን ሲሸሽገኝ ከደግ ዓይንም ይሸሽገኛል። ያም ሆኖ መጋረጃውን የምገልጠው እኔ ልሁን እላለሁ።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አለመስማት። ለዚህም የሚባል በጎ ነገር አለ፤ በጆሮ ጤና እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ድምፁ ወደ 90 ከፍ ካለ 40ው ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። በአውቶቡስ ውስጥ የማይዘጋ ርካሽ ኢርፎን የሰካ ሰው ሞተሩንና የሾፌሩን ስፒከር ለማሸነፍ ድምፁን እስከ ጥግ ይሰቅላል። ደህና አድርጎ የሚዘጋ ጎማ ያለው ዝቅ አድርጎ ይሰማል። ከዚያ በተረፈም፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ሲኖር ጆሮውን መዝጋቱ ትዕቢት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው የሚዘጋው ነገር ሰው ሲሆን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱ ላይ ጉዳት ሳያመጣ መርዳት እየቻለ አውቆ የተወን ሰው ይቀጣል። «አውቆ» የሚለው ቃል ላይ ቁሙ። ሌሊት እሪታ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ሕጉ ሊደርስበት ይችላል፤ ጆሮው ላይ ዘፈን ሰክቶ የተኛውን ግን ምን ይለዋል? አልሰማም፣ ስለዚህ አላወቀም። የአክስቴ ሕግ ከመንግሥቱ ይጠብቃል። እሷ የምትጠይቀው ጥሪው ስለመጣበት ሰዓት አይደለም፤ ዕቃውን ስለሰካህበት ሰዓት ነው። ሲሰካ ማንም አልጠራውም፣ ሆኖም የሚጠራው ሰው እንደማይደርሰው ያውቅ ነበር። የፍልስፍና መምህር ብትሆን ይኼን ከዚህ በላይ የምታሳምረው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የዕቃው አሠራር ራሱ ከክርክሩ ይገባል። ድምፅን የሚዘጋ ነገር በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚዘጋው። ጀርባው ክፍት የሆነ ትልቅ ሄድፎን የውጭውን ሰው ያሰማል፣ ግን ዘፈናችሁንም ለጎረቤት ያፈሳል፤ ለአውቶቡስ አይሆንም። የተዘጋው ምስጢር ይጠብቃል፣ ግን ደንቆሮ ያደርጋል። ይኼ ነው ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ያሰራቸው።

ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. አማር ቦስ ከዙሪክ ሲበር የአውሮፕላኑ ድምፅ ዘፈኑን ስላበላሸበት ሐሳቡን እዚያው ወጠነው ይባላል። ማይክራፎን የውጭውን ድምፅ ይይዛል፣ መሣሪያው ተቃራኒውን ሞገድ ሠርቶ ያጠፋዋል። ዘዴው የሚያሸንፈው ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅን ነው፤ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ የመንገድ ጉርምርምታ። ድንገት የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ላይ ይደክማል። ስለዚህ በጌዶ ዳገት ላይ ሞተሩን ያጠፋላችሁና የሕፃኑን ልቅሶ፣ «ወራጅ አለ!» የሚለውን ያስቀርላችኋል። በሻጭ ቋንቋ ይኼ ጉድለት ነው። እኔ ግን ከዕቃው ሁሉ የምወደው ጠባዩ እሱ ነው።

ብቻን መስማት ነውር እንዳይሆን የሰጋች አክስቴ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ ዎክማን በ1979 እ.ኤ.አ. ሊወጣ ሲል ተመሳሳይ ስጋት ነበረው፤ አንድ ሰው ለብቻው ተሸፍኖ ሲሰማ አጠገቡ ያለውን መናቅ ይመስላል አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የሄድፎን መሰኪያ ተሠራለት፣ አንድ ብርቱካናማ ቁልፍም ተጨመረበት። ቁልፉ ሲጫን ዘፈኑ ዝቅ ይልና ሁለቱ ሰዎች በማይክራፎን ይነጋገራሉ። ሰው ግን ቁልፉን ብዙም አልፈለገውም። እያንዳንዱ የራሱን ፈለገ፤ በኋላ የመጡት ሞዴሎችም ትተውት ሄዱ። ዛሬ ውድ ኤርፖዶች ላይ የውጭ ድምፅ የሚያስገባው «ትራንስፓረንሲ» የሚሉት ነገር የዚያ ብርቱካናማ ቁልፍ የልጅ ልጅ ነው። ምስጢራችሁን ዘግቶ ሰውን ያስገባል፤ ያንን የማይከፈል የመሰለውን ፈንክሽን በትክክል ለሁለት ከፍሎታል።

ለነቀምቴ ግን አይበቃም። በደጃፋቸው ስታልፉ ሰላም የሚሏችሁ ሽማግሌ የሚያዩት ጆሮ ላይ የተሰካ ነገር ነው፤ በየትኛው ሞድ ላይ እንዳለ አያዩም። እየሰማኋቸው ነው ብሎ ማሰብ ለእሳቸው ምንም አያደርግላቸውም። አንዱን ነቅሎ በእጅ መያዝ ግን ከሩቅ ይታያል፣ እንደ ባርኔጣ ማውለቅ ነው። ሰባት መቶ ብሩም ሰባት ሺሁም ይነቀላል።

መዝጋት መብት ነው ያልኩት መክፈቻው በእጃችን ስላለ ነው። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ እስከ መጋቢት ቆይቷል። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ፤ ጊምቢ ያሉ ዘመዶቻችንን እናቴ ሦስት ወር ሙሉ ስትደውል «ሊያገኟቸው አይችሉም» የሚለውን ድምፅ ነው የሰማችው። ኢርፎኔ ይሠራ ነበር፤ ውስጡ የሚሰማው ግን አስቀድሜ ያወረድኩት ዘፈን ብቻ ነው። ደህና መሆናቸውን የምንሰማው ከዚያ በመጣ መንገደኛ አፍ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ። ጆሮን ራስ መዝጋትና ሌላ ሰው ሲዘጋው መቀመጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ እኔ በፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። እናቴም እስከ ዛሬ ስልኳ ሲጠራ ካጠገቧ ያለ ሰው ኢርፎኑን እንዲነቅል ታዛለች፣ ጥሪው የእሱ ባይሆንም።

አንድ ኢርፎን ለሁለት መካፈል የሚባለውን ነገር ሳልነሳ አላልፍም፤ ባኮ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም በየጥላው የምታዩት ነው። አንዱ ግራውን፣ አንዷ ቀኙን። ሞሪታ ሁለት መሰኪያ ሠርቶ ያላገኘውን እኛ በድህነት አገኘነው ብዬ እቀልዳለሁ። አንድ እክል ግን አለው። ስቴሪዮ ሲቀዳ አንዳንዱ መሣሪያ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚገባ፣ በተለይ በቆዩ ቅጂዎች፣ አንዳችሁ ድምፃዊውን ጎላ አድርጎ ሲሰማ ሌላችሁ ጊታሩን ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል። አንድሮይድም አይፎንም ሴቲንግ ውስጥ፣ ተደራሽነት በሚለው ክፍል፣ «ሞኖ» የሚል ማብሪያ አለ። እሱን ስታበሩት ለሁለታችሁም ሙሉው ዘፈን ይደርሳችኋል።