ለመከራ ቀን የተሰጠ ሥልጣን

ኃያል መንግሥት እንዴት እንደ ተነሣ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የጦር ሜዳውን ወሬ ነው። ከጦር ሜዳው በስተኋላ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ሕዝብ ስለ መከራ ቀን ለአንድ ሰው ሥልጣን ቢሰጥ፣ መከራው ካለፈ በኋላ ያ ሥልጣን የማን ነው?

በወለጋ ምድር ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ያዝዛል፤ ጦር የሚመራው አባ ዱላም ከዚሁ ሥርዓት በታች ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ የጫኑ ነጋዴዎች ወደ ጎጃም ገበያዎች ሲያልፉ፣ መንገዱንና ገበያውን የያዘ ሰው ሀብት አገኘ፤ በሀብቱም ፈረሰኛና ጠመንጃ አበዛ። የጎረቤት ፉክክር ስለ በረታም የጦር መሪ ዘወትር ተፈላጊ ሆነ። በከሬ ጎዳና በሌቃ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ከጦር መሪነት ጀምሮ አጎራባቾቹን እየጠቀለለ «ሞቲ» ሆነ። በ1868 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሥልጣኑ ወደ ጉባኤው አልተመለሰም፤ ልጁ ሞሮዳ ወረሰው።

ሮማውያንም ገና ትንሽ ከተማ ሳሉ ይህን አደጋ ያወቁ ይመስላል። ቆንስሎቻቸው ሁለት ነበሩ፤ ዘመናቸውም አንድ ዓመት ብቻ። በጭንቅ ቀን ሙሉ ሥልጣን ለሚሰጡት ሰው ደግሞ የስድስት ወር ወሰን አበጁለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ338 ዓመት የላቲን ከተሞችን ድል ሲነሡ ሁሉን አላጠፉም፤ ለአንዳንዱ ዜግነት፣ ለሌላው ቃል ኪዳን ሰጡ፤ ከአጋሮቻቸውም ግብር ሳይሆን ወታደር ጠየቁ። (ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ትናንት የተሸነፈው ለነገው ድል ተካፋይ ሆነ።) ጦርነቱ ግን እየራቀና እየረዘመ ሄደ። በ326 ገደማ ናፖሊን ከብቦ የነበረ አንድ ቆንስል ዘመኑ አለቀበት፤ ከበባው እንዳይፈታ ተብሎ አዛዥነቱ ተራዘመለት። ማን ይቃወማል? ምክንያቱ በቂ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ማራዘም ልማድ እየሆነ ሄደ፤ በ44 ዩልዮስ ቄሳር የዕድሜ ልክ አዛዥ ተባለ።

በቄሳር ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ የምቆመው በናፖሊ በር ላይ ነው። በዚያ በር ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልቀማም። በኪራሙና በዙሪያዋ ባለፉት ዓመታት ስጋት ምን እንደሆነ ያየ ሰው ጠባቂ መፈለግ ኃጢአት እንዳልሆነ ያውቃል። ጥፋቱ የገባው በጎው ምክንያት ቀን ሳይቆረጥለት በመቅረቱ ነው። ቅዱስ አውጉስጢኖስ፣ ሮም በ410 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከተዘረፈች በኋላ ስለ እግዚአብሔር ከተማ ሲጽፍ፣ የጥንት ሮማውያንን ብርታት አልካደም፤ ነገር ግን ብርታታቸውን ከክብር ፍቅር ጋር አያይዞ መረመረው። ክብርን የሚወድ ሰው ሥልጣን ሲመልስ ከራሱ ሥጋ የሚቆረጥበት ይመስለዋል።

አንድ ማኅበር አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዡ ለአንድ ዓመት ተመርጦ ሰባት ዓመት ቆየ። አንዲት ሳንቲም አልሰረቀም። ዳሩ ግን በሰባተኛው ዓመት ከእርሱ በቀር መዝገቡን አንብቦ የሚረዳ ሰው ጠፋ።

መጽሐፍ ቅዱስም ነገሩን አቅልሎ አያሳየንም። ጌዴዎን ከድሉ በኋላ «አንተም ልጅህም ግዙን» ሲባል እምቢ አለ (መሳ. 8)። በዚያው ቀን ግን ከምርኮው የወርቅ ጉትቻ ለምኖ ኤፉድ አሠራ፤ ያም ለቤቱ ወጥመድ ሆነ። በአፉ የመለሰውን በእጁ አስቀረ እንበል ይሆን?

ስለ ሞሮዳ ግን በሚዛን መናገር ይገባል። በ1882 እ.ኤ.አ. የሸዋና የጎጃም ጦር በእምባቦ ከተዋጋና ምኒልክ ድል ካደረገ በኋላ፣ ሞሮዳ ያለ ጦርነት ገበረ። በዚህም ሌሎች አገሮች ካዩት እልቂት ሌቃን አዳነ፤ የውስጥ አስተዳደሩንም ጠበቀ። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ በደጃዝማችነትም ገዛ፤ ግቢው ዛሬም በነቀምቴ ይታያል። ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ወደ ሸዋ ይወርድ ነበር። ገዥው መልስ የሚሰጠው ከበላዩ ላለው ንጉሥ ሆነ። ገበሬው የግብሩን ክብደት የሚናገርበት ጉባኤ ግን የሸዋ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በበከሬ ዘመን፣ ኃይሉን አጥቶ ነበር።