በረዶ፣ ውኃና እንፋሎት ለሥላሴ ምሳሌ ይሆናሉን?

ሸዋ ሮቢት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት። በሁለቱም ቦታ የሚያጋጥመኝ፣ አጥብቄ የምቃወመው አንድ ምሳሌ አለ፦ «ሥላሴ እንደ ውኃ ናቸው፤ ውኃ አንድ ሆኖ በረዶም፣ ፈሳሽም፣ እንፋሎትም ይሆናል።» ይፋት ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚማረው። ጓደኛው «ሦስት እንዴት አንድ ይሆናል?» ብሎ ከልቡ ሲጠይቀው የኛው ልጅ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ለቅን ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ማየት ያመኛል።

ቆላችን የቁስን ለውጥ ለማስተማር የተመቸ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠጣር ሆኖ የተጫነ ቅቤ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ በጠራራ ፀሐይ ሮቢት ገበያ ሲደርስ ላስቲኩ ውስጥ እንደ ዘይት ይዋልላል። ቅቤነቱን አልለቀቀም፤ ሙቀቱ ቅንጣቶቹ ተያይዘው የቆሙበትን ሥርዓት ፈታው እንጂ። ውኃም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ግን ወደ 96 ይጠጋል። ሁኔታውን የሚወስኑት ሙቀትና ግፊት ናቸው።

ምሳሌው የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። በረዶ ፈሳሽ የሚሆነው በረዶነቱን ትቶ ነው፤ ፈሳሹም የሚተነው ፈሳሽነቱን ትቶ። ይህን ወደ ሥላሴ ከወሰድነው አብ ወልድ የሚሆነው አብነቱን ትቶ ነው ልንል ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰባልዮስ ያስተማረው፣ ቤተ ክርስቲያንም ያወገዘችው ይህንን ነው፦ አንድ አካል፣ የሚለዋወጥ ስም። በየዓመቱ ጥር 11 የምናከብረው በዓል ራሱ ይመልስለታል። በዮርዳኖስ ወልድ ውኃው ውስጥ ቆሟል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል፣ አብ ከሰማይ ስለ ልጁ ይመሰክራል። ተራ በተራ ቢሆን ኖሮ ማን ስለ ማን ይመሰክር ነበር?

ይህን ስናገር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ሦስቱም ባንድ ጊዜ የሚገኙበት ነጥብ አለ ብለው አስተምረውን የለም እንዴ?» አለችኝ። በጥያቄዋ ደስ አለኝ። አለ፤ በ0.01 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ መቶኛ በማይሞላ ግፊት፣ በረዶ፣ ፈሳሽና እንፋሎት በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ይቆማሉ። «በረዶው የያዘውን ውኃ እንፋሎቱም ይዞታል?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «አይ፣ ተካፍለውታል» አለች። ከሰባልዮስ ሸሽተን መለኮትን ወደ መክፈል ገባን ማለት ነው። በእምነታችን ግን ሦስቱም አካላት እያንዳንዳቸው ፍጹም አምላክ ናቸው፤ መለኮት ተከፍሎ አይደርሳቸውም።

አባቶች ከውኃ ምሳሌ ሲሹ የመረጡት ባሕርን ነው፦ ስፋቱን ለአብ፣ ርጥበቱን ለወልድ፣ ሁከቱን ለመንፈስ ቅዱስ። እኛ ባሕር ስለሌለን ነሐሴ ላይ የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ልጆቹን ከድልድዩ ላይ አሳያቸዋለሁ። ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያገላበጠ ሲወርድ ስፋቱ፣ ርጥበቱና ሁከቱ ባንድ ላይ አሉ፤ አንዱ እስኪመጣ ሌላው አይሄድም፣ ወንዙንም አይካፈሉትም። ይህም ቢሆን ጎደሎ ነው፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ምሳሌ ዘየሐጽጽ ይሉታል። የወንዝ ሁከት የራሱ አካል የለውም፤ አይናገርም፣ አይወድም። ስለዚህ ልጆቹን ከወንዙ በኋላ እንደገና ወደ ዮርዳኖስ ታሪክ እመልሳቸዋለሁ፤ እዚያ የሚናገርም፣ የሚሰማም አለ።